ጣሪያው፣ ሰሌዳውና «አባከነ» የሚለው ግስ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተሸኚው ቤተሰቦችና ጎረቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ለማታውቁኝ አዲስ መምህራን ራሴን ላስተዋውቅ። ተናኘወርቅ እባላለሁ። በዚህ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ከይታገሱ ቀድሜ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ኮሚቴው «አጭር ንግግር» ብሎኛል። አጭር ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ ስላልነገሩኝ በራሴ መለኪያ እሄዳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ይቅርታ። ዛሬ ተሸኚውን አንቱ ማለት ነበረብኝ። ቤቴ ሞክሬው ነበር። «እርስዎ፣ መምህር ይታገሱ» ስል ምላሴ እምቢ አለኝ። ይህን ሰው ሳልቆጣው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ሰውን ደግሞ አንቱ እያሉ መቆጣት ያደክማል። ስለዚህ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በቅደም ተከተል ልሂድ። ይታገሱ ወደዚህ የመጣ ዕለት እኔ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የክፍለ ጊዜ ድልድል እሠራ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ኮቱ ከራሱ የሚበልጥ ወጣት ገባ።

«ደህና ዋሉ እትዬ፤ ከወልቂጤ ተዛውሬ ነው» አለኝ።

«እንኳን ደህና መጡ። ስምዎን ልመዝግብ፤ ማን ልበል?»

«ይታገሱ።»

እኔም ታገሥኩ። እስክሪብቶዬን እንደ ያዝኩ እሱን አየዋለሁ፣ እሱም እኔን ያየኛል። ጉሮሮውን ያጸዳ ይሆናል ብዬ ትንሽ ቆየሁና «ስምዎን?» አልኩት።

«ይታገሱ» አለ፤ አሁን ጠንከር አድርጎ።

«ወንድሜ፣ ታግሻለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ብታገሥ ደወሉ ሊደወል ነው!»

«እትዬ፣ ስሜ ነው።»

እናቱ ስም ሲያወጡ ለልጃቸው ያወጡ መስሏቸው ነበር። አልነበረም። ስሙ አብሮት ለሚኖር ሰው ሁሉ የተሰጠ ምክር ነው። ባለቤቱ ወለተ ሐና ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ራሷን እየነቀነቀች ነው፤ ምክሩን ከሁላችን በላይ የተቀበለች እሷ ናት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህን ሰው ከሩቅ ለሚያየው ቆጣቢ ነው። ጠመኔ ጥፍር እስክታክል ይጽፍባታል፤ ከዚያም ኪሱ ውስጥ ይከታታል። ወለተ ሐና ልብሱን ባጠበች ቁጥር ውሃው ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባጃጅ ከመሳፈር መስቃን ድረስ በእግሩ ቢሄድ ይመርጣል። የሻይ ሒሳብ ሲመጣ እጁ የገዛ ኪሱን ፈልጎ ሲያጣው በዐይናችሁ ያያችሁ ናችሁ። ያ ኮት አሁንም አለ፤ ዛሬ ለብሶታል፤ እነሆ በመጨረሻ ልኩ ሆነ።

ታዲያ ይህ ቆጣቢ ሰው ገንዘቡን ምን ያደርገዋል? የሰው ሰሌዳ ያስጽፍበታል።

አዎ፤ አዲሶቹ አትገረሙ። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ሱቅ፣ አንድ ጸጉር ቤት፣ አንድ ሥጋ ቤት ከበሩ በላይ በሰቀለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ፊደል ከሳተ፣ ይታገሱ እንቅልፍ የለውም። ገብቶ ባለቤቱን ያነጋግራል። ባለቤቱ «ምን ቸገረኝ» ካለው ሠዓሊውን ጠርቶ በራሱ ገንዘብ ያስቀይረዋል። በራሱ ገንዘብ! ሠዓሊው ኢስሀቅ ደግሞ፣ እግዜር ይይለትና፣ መጀመሪያ ሲሳሳት ከባለ ሱቁ ይቀበላል፤ ሲያርም ከይታገሱ ይቀበላል። ኢስሀቅ ፊደል በደንብ ቢማር ኖሮ ይከስር ነበር።

አንድ ጊዜ ጸጉር ቤት ገብቶ «ጸጉር የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው፤ እናንተ በፀሐዩ ፀ ጽፋችኋል» አለ። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደ ያዘ ምን አለው መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ደንበኛ በፀሐዩም መጣ በጸሎቱ፣ እኔ የምቆርጠው ያው ነው።» ሰሌዳው በሳምንቱ ተቀየረ። በማን ገንዘብ? አልናገርም።

አረቅጥ ለለቅሶ ስንሄድ መኪና ሙሉ መምህር ነበርን። መንገድ መሐል፣ መንደር በሌለበት፣ ይህ ሰው «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ደንግጦ በሩን ከፈተ። የታመመ መስሎን ሁላችንም ተከተልነው። ለካስ የጎማ ቤት ሰሌዳ አይቶ ነው። ባለ ጎማውን ከተኛበት ቀስቅሶ ስለ ሣድስ ፊደል ያስረዳዋል። እኛ ለቅሶው ቤት የደረስነው ሰው አልቅሶ ጨርሶ ምሳ ሲበላ ነው።

ከድሮ የሚባለው የበርበሬ ነጋዴም እዚህ አለ፤ ከድሮ፣ እጅህን አውጣና ይዩህ። የከድሮ ሰሌዳ አሮጌ ነበር፤ ቀለሙ ተልጦ ነበር። አዲስ ለማስጻፍ ግን እጁ አልፈታ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ከተማው ሲነሣ የከድሮ ሱቅ ላይ ምን ተጽፏል? «የከድሮ በርበሬ መሸሻ»። መሸጫ አይደለም፤ መሸሻ! ገበያተኛው እየሣቀ ያልፋል። ይታገሱ እኩለ ቀን ሳይሆን ኢስሀቅን ከነመሰላሉ ይዞ መጣ። አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ቀለም፣ ጥርት ያለ «መሸጫ»። ከወራት በኋላ በርበሬ ልገዛ ብሄድ ከድሮ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፦

«እትዬ፣ ለጋሼ እንዳይነግሩብኝ እንጂ፣ ያቺን ‹ሻ› እኔ ራሴ ነኝ በጥቁር ቀለም ያስገባኋት። ቀለሙ ሲደበዝዝ ደግሞ እንደገና እሳሳታለሁ» አለኝ።

ይኸው ነገርኩብህ ከድሮ። ይህን ሰው ማታለል ኃጢአት ነው፤ ቀላል ስለሆነ ነው ኃጢአት የሆነው።

የሚያበሳጨው ደግሞ የገዛ ስሙ መታወቂያው ላይ በእሳቱ ሰ መጻፉ ነው። ትዕግሥት በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ እሱ ነው ለከተማው ያስተማረ። ሊያስተካክል ቢሄድ «ጋሼ፣ አሁን ፊደል ከቀየሩ የጡረታዎ ሰነድ አይገጥምም» አሉት። ተመለሰ። በሕይወቱ ሙሉ ያላረመው ስሕተት ቢኖር ራሱ ይታገሱ ብቻ ነው።

ቆይ ይታገሱ፤ ወዴት ነው የምታየው? አየሁህ እኮ። ከተቀመጥክ ጀምሮ ዐይንህ ከጀርባዬ ካለው ባነር ላይ ነው። ወገኖቼ፣ ባነሩን የጻፈው ኢስሀቅ ነው። ‹ኝ› ላይ መቀመጥ የነበረባት ትንሽ ሰረዝ ቀርታለች። «ሽኝት» የነበረው ቃል አሁን ሐኪም ቤት በብልቃጥ የሚጠየቅ ነገር ሆኗል። ጮክ ብዬ አላነበውም። ይታገሱ፣ ቁጭ በል! እጅህንም ከኪስህ አውጣ! ኮሚቴው ያስተካክለዋል።

እሺ። አሁን ዋናው ክርክራችን።

እኔ ይህን ሥራውን በአንድ ቃል እጠራው ነበር፤ «ገንዘብህን ታባክናለህ» እለዋለሁ። እሱ ሥራውን ትቶ ግሱን ይከራከረኛል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ቀዝቅዞ ዝንብ እስኪገባበት ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! የእኔ አቋም ይህ ነበር፤ አሁንም ነው። ሰው ገንዘብ «አወጣ» ብንል ወቀሳ የለበትም፤ ከኪሱ ወጣ፣ አለቀ። «አጠፋ» ብንል ቅሬታ አለበት፤ ግን ያጠፋ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ሊታረቅ ይችላል። «በተነ» ብንል እጁ ሲወራጭ ይታያል፤ ሰርግ ላይ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው እያየው። «አባከነ» ግን ፍርድ ነው። አንድ ነገር ለሚገባው ሳይሆን ሲቀር ነው። ጊዜም ይባክናል፣ ውሃም ይባክናል፣ ዕድሜም ይባክናል። በአንተ ቤት ደግሞ ደመወዝ ይባክናል እለዋለሁ።

እሱ ጠመኔውን ከኪሱ ያወጣል። ጥፍር የምታክለዋን ማለቴ ነው።

«እትዬ ተናኘ፣ ከሥሩ እንነሣ» ይለኛል። «አባከነ አድራጊ ግስ ነው። ሥሩ ባከነ ነው። ባከነ ማለት ማረፊያ አጥቶ ዞረ፣ ተንከራተተ ማለት ነው። ‹ቀኑን ሙሉ ስባክን ዋልኩ› ይባል የለም? ብኩን የምንለውስ ቤት የሌለውን ሰው አይደለም? ታዲያ የእኔ ገንዘብ ማረፊያ መቼ አጣ? ያውና ከሱቁ በላይ ተሰቅሎ! ሰው ሁሉ ያነበዋል።»

አንድ ዓመት ተናደድኩና ፈተና ውስጥ «ይታገሱ ደመወዙን ሰሌዳ በማስጻፍ አባከነ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼ «ግሱን ለይታችሁ አስምሩ» አልኩ። ፈተናውን አብሮኝ የሚያርመው እሱ ነበር። ተማሪዎቹ ግሱን በትክክል አስምረዋል። እሱ ከጥያቄዬ ሥር በቀይ ምን ጻፈ? «ባለቤቱና ግሱ አይስማሙም።» ይህንን ነው እንግዲህ የታገሥነው!

አንድ ቀን ግን በእውነት ቆጥቼው «ጎጃም የተወለድኩት እኔ፣ በአማርኛ አፌን የፈታሁ እኔ! ስለ አንድ ‹ጸ› ይህን ያህል ሳልጨነቅ አንተ ከቸሃ መጥተህ ምን ያንገበግብሃል?» አልኩት። ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«እትዬ፣ እናንተ አማርኛን ወረሳችሁት። የወረሰ ሰው ያባክናል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ተገርፌ፣ ተስቆብኝ ነው የገዛሁት። የገዛ ሰው አያባክንም።»

ሻይዬን ትቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ልክ መሆኑም አናደደኝ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ሣቁ። አሁን የምነግራችሁ ግን የማያስቅ ነገር ነው፤ የቆምኩትም ለእሱ ነው። የዚህ ሰው ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ቆርቆሮው ዝጎ ተበስቷል። ዓመት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮ ይቀየራል» ይባላል። ገንዘቡ ለጣሪያው ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ ቦታ አንድ ፊደል ይወድቃል፤ ጣሪያው ለከርሞ ይተላለፋል።

ባለፈው ክረምት ወለተ ሐናን ልጠይቅ ሄድኩ። ከገባሁ በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሰማይ እንዳለ ነው የሚወርደው። ወለተ ሐና ተነሣች። እዚህ ሳፋ አደረገች፣ እዚያ ድስት አደረገች፤ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፋች፤ ግድግዳው ማፍሰስ ጀመረ፤ አልጋውን መለሰችው። ባልየው ምን እያደረገ ነበር? ለእኔ «ባከነ» ማለት ምን እንደ ሆነ እያብራራልኝ ነበር! ሳፋው ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ እሱ «ማረፊያ አጥቶ የዞረ» ይላል።

እሷ ድስቷን እንደ ያዘች መሐል ቤት ቆመች።

«ስማኝ» አለችው። «እኔ አንተ ያስተማርከውን ሰዋስው አልተማርኩም። ግን ማረፊያ አጥቶ የዞረ ነው ያልከው? ከጥግ ጥግ ስዞር የምታየኝ እኔ ምንድን ነኝ? ገንዘቡንስ አላባከንከውም፤ ደግ፣ ተሰቅሏል። ያባከንከው እኔን ነው።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ምሳሌ አላገኘሁም። ይታገሱም ጠመኔውን ወደ ኪሱ መለሰ። «መስከረም ላይ ቆርቆሮ እገዛለሁ» ብሎ በፊቴ ቃል ገባ።

መስከረም መጣ። ቆርቆሮ ሊገዛ ገንዘቡን ይዞ ወጣ። ገበያው ጀርባ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ውሃ የያዘ ታንከር ቆሞ ነበር፤ ውሃው ቆሻሻ ነው። ኢስሀቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍለት ጠባብ ሰሌዳ ሰጥተውታል። ኢስሀቅ ፊደል ያሳምራል፤ ትልቅ ትልቅ አድርጎ «ይህ ውሃ ለመጠጥ የሚሆን» ብሎ ጻፈ፤ ቦታው አለቀበት። «አይደለም» የምትለውን ምን አደረጋት? ከሰሌዳው ጀርባ ጻፋት።

ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። ይታገሱ ደርሶ ከታንከሩ ፊት ቆመና እጁን ዘርግቶ «አይደለም! አይደለም!» ይጮሃል።

«ምኑ ነው አይደለም?» ይሉታል።

«ከጀርባ ነው ያለው! ከጀርባ አንብቡ!»

አንዲት ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ «ጋሼ፣ አሞዎታል?» አለችው። ኢስሀቅ ተጠርቶ ሲመጣ «ጋሼ፣ አንባቢ ዞር ብሎ አያይም እንዴ?» አለ። አዲስ ሰሌዳ፣ ሰፊ፣ በዚያው ቀን ተሠራ። ማን ከፈለ? ተማሪዎቹም ያለ መምህር ዋሉ፤ ሰውዬው ታንከር ሲጠብቅ ውሏልና።

እሺ፤ ያንን አልከራከርም። ሰው ከሚታመም ቤት ቢያፈስ ይሻላል። ያ ገንዘብ ለሚገባው ነው የዋለው። ግን ይታገሱ፣ ጥቅምት ላይስ? ኅዳር ላይስ? «ልዩ ጥብስ» ላይ የጎደለችው ሰረዝ ማንን ትገድል ነበር? የአንድ ቀን ልክ መሆን የዓመታቱን አይሽርም። ይህን እንደ ጓደኛም እንደ መምህርም እነግርሃለሁ።

አሁን ደግሞ ሣቁን ትንሽ አቁሙልኝ።

ባለቤቴ ኃይሌ ሲያርፍ ለሐውልቱ ጽሑፍ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ኀዘን ላይ ስለነበርኩ ተመልሼ አላየሁትም። ድንጋይ ጠራቢው ስሙን በሃሌታው ሀ ቀርጾት ነበር። ኃይሌ ደግሞ በስሙ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር፤ በብዙኃኑ ኀ ያልተጻፈለትን ደብዳቤ ሳያነብ ይመልስ ነበር። የሙት ዓመቱ ዕለት ከዘመድ ጋር መቃብሩ ላይ ስንደርስ ስሙ ልክ ነበር። እኔም ልክ ሆኖ የተሠራ መስሎኝ ጸሎቴን አድርጌ ተመለስኩ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው ጠራቢው ራሱ ያጫወተኝ፦ «አንድ ረጅም ኮት የለበሱ መምህር መጥተው ድንጋዩን እንዳለ አስቀየሩኝ፤ ለእትዬ እንዳትነግራቸው ብለውኛል።»

ወደ ወለተ ሐና ሄድኩ። ያ ገንዘብ ያው የጣሪያው ገንዘብ እንደ ነበር ገብቶኛል። «እህቴ፣ በእኔ ምክንያት ስንት ክረምት ፈሰሰብሽ?» አልኳት። የመለሰችልኝን እስክሞት አልረሳም።

«ያንንስ ይተዉት እትዬ፤ ያ አልባከነም።»

ይታገሱ፣ ይህን በሰው ፊት አመሰግንህ ዘንድ ዕድል ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል። ቤት ውስጥ ባመሰግንህ ስለ ግሱ ትጀምር ነበር። ልጆቻችንን ፊደል ማክበር አስተምረሃቸዋል። አንተ ያስተማርከው ተማሪ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ከፊደሉ ያስታውቃል። እኔንም የወረስኩትን እንድጠብቅ አድርገኸኛል፤ ይህን በቁጣ መካከል ሳልናገረው ቀርቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ወደ ስጦታው። ኮሚቴው ጋቢና የእጅ ሰዓት ዐስቦ ነበር፤ የተረፈውን ደግሞ በፖስታ። ወለተ ሐና ሰምታ ቤቴ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ በእጁ ገንዘብ እንዳትሰጡት» አለችኝ። «ምን እንስጠው ታዲያ?» አልኳት። «ቆርቆሮ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ስለዚህ ይታገሱ፣ ጋቢ የለም። ሰዓትም የለም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልከት፤ ባንዲራው አጠገብ የቆመው ጋሪ የአንተ ነው። የተጫነበት የቤትህ ጣሪያ ነው፤ ምስማሩም አለበት። አናጢው ሸምሶ ሰኞ ጠዋት ይመጣል፤ ዋጋው ተከፍሎታል፤ ትእዛዝ የሚቀበለውም ከወለተ ሐና ብቻ ነው። ቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰሌዳ እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ፣ እኛም እናውቃለን። ስለዚህ ቤቱን ለክተን ነው የገዛነው። አንድም ትርፍ የለውም።

ምን አልክ? ጮክ በል፤ አልሰማሁህም። «የሚቆራረጠውስ?» ይላል! ሰማችሁት? ቁርጥራጩ የወለተ ሐና ነው! ለዶሮ ቤት ነው! ሸምሶም ተነግሮታል!

በሉ ብርጭቆ አንሡ፤ ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን። ይታገሱ፣ ደመወዝህን ጨርሰሃል፤ ከእንግዲህ ጡረታህ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው፤ ለሁለት ሰው ይዋል። ጉልበትህ አይድከም፤ ዐይንህም አይፍዘዝ፤ ትንሽ ቢፈዝ ግን አንቃወምም። ወለተ ሐና፣ እህቴ፣ ዘንድሮ ሐምሌ ደስ እንዳለው ይዝነብ፣ ነሐሴም ይዝነብ፤ አንቺ ከተቀመጥሽበት አትነሺ።

ለጤናችሁ!